ግሸን ማርያም ክንዴን መለሰችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የምኖረው ደሴ ነው። እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ልጆች አሳድጋለሁ። ሊጥ ማዞሩም፣ አክንባሎ ማንሳቱም በትከሻ ነው።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የገባው። ክንዴን ዝቅ ካደረግኩ ደህና ነኝ። ወደ ጎን ሳነሳው ግን መሃል ላይ ሲደርስ ይወጋኛል፤ ያንን ካለፈ ይለቀኛል። ማታ በቀኝ ጎኔ መተኛት ቀረ። ከሁሉ የከበደኝ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ነጠላዬን መስቀለኛ ላጣፋ ስል ክንዴ እምቢ ይለኛል። ልጄ ታለብሰኝና እንባዬ ይመጣል።

«ብርድ ነው» አሉኝ። ወገሻ አሸኝ፣ ባሰብኝ። ራጅ ተነሣሁ፣ «አጥንትሽ ደህና ነው» ተባልኩ። ያኔ ለግሸኗ እመቤት ተሳልኩ። «ነጠላዬን በገዛ እጄ አጣፍቼ ደጅሽን ልሳም፤ ጥላና ጧፍ ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ አንድ የፊዚዮቴራፒ፣ በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚያክም፣ ባለሙያ ዘንድ ወሰደችኝ። የንስሐ አባቴም «ጸበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙንም ስሚ» ብለው መረቁኝ። ወጣቱ ክንዴን በየአቅጣጫው እያንቀሳቀሰ አየው። የትከሻን መገጣጠሚያ አቅፈው የሚይዙ 4 ጡንቻዎች አሉ አለኝ። የላይኛው ጡንቻ ጅማት በትከሻ አጥንት ሥር፣ በጠባብ ቦታ ያልፋል። እጅ ደጋግሞ ከፍ ሲል ጅማቱ ይቆጣል፣ ክንድ ሲነሳም እዚያው ይጨመቃል። ራጅ ደግሞ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። እንዲህ ተረጋግቶ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

መርፌም ቀዶ ጥገናም አላለኝም። ልምምድ ሰጠኝ፤ «ወራት ይፈልጋል፣ ታገሺ» አለኝ። ጣቶቼን በግድግዳ ላይ እያስኬድኩ ክንዴን ወደ ላይ መውሰድ፣ ላስቲክ መጎተት። «ላይ ሲደርስ ትንሽ ያዢው» ስላለኝ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» የሚለውን ጸሎት እየደገምኩ እይዘዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ቡርክት አንቲ እምአንስት» ጋ ስደርስ ክንዴ ይወርዳል። እያደር እስከ «አሜን» ያዘልኝ። ያን ቀን ግድግዳውን ተደግፌ እልል አልኩ።

ዘንድሮ መስከረም 21 ግሸን ደብረ ከርቤ ወጣሁ። ያን አምባ ሽቅብ የወጣ ድካሙን ያውቀዋል። በሩ ላይ ነጠላዬን ራሴ አጣፋሁ፣ ስለቴን አስገባሁ። ያንን ባለሙያ የላከችልኝ እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ እጁን ይባርክልኝ። ልምምዱን አሁንም አልተውኩም። በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።