ሁሉም ኳስ ወደ ሐይቁ

ሐዋሳ የሄደ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ይበላል፣ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ያመሻል። እኔም ለዘመድ ሰርግ ስሄድ ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። ሰርጉ አልቆ መልሱ እስኪደርስ ግን መሐል ላይ ባዶ ቀን ተረፈን። ጋሼ ደግሞ (የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው) ሆቴል ውስጥ ተጎልቶ መዋል አይሆንላቸውም። "ኧረ አንድ ነገር አሳዩን!" ሲሉ የአክስቴ ልጅ አንድ ቦታ ትዝ አለው። ከሐይቁ በላይ ዳገት ላይ ያለ፣ ተበላሽቶ ተዘግቶ የነበረ፣ አሁን ታድሶ የተከፈተ የሚኒ ጎልፍ ሜዳ።

"ጎልፍ?" አሉ ጋሼ። "የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?"

የሀብታሙ ትልቁ ጎልፍ ነው። 18 ቀዳዳ ያለው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ መሬት ይፈልጋል። ተጫዋቹም እስከ 14 ዱላ ይዞ መዞር ይችላል። ሚኒ ጎልፍ ከዚያ ሁሉ የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ ነጥሎ የወሰደ ነው። ኳሷን ቀስ አድርጎ እየገፉ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት። አንድ ዱላ፣ አንድ ኳስ፣ በቃ። በነገራችን ላይ ለዚህ ጨዋታ ሴቶች ባለውለታዎች ናቸው። ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ በተባለች ከተማ በ1867 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የሴቶች ክለብ አለ። ጉብታ በበዛበት ትንሽ ሜዳ ላይ ኳስ እየገፉ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ መምታቷ ነውር ነበር ይባላል። እሰይ፣ ነውሩ ለእኛ ጠቀመን።

ባጃጇ እያቃሰተች ዳገቱን አወጣችን። ላይ ሲደርሱ ሐይቁ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በዙሪያው ካለው ኮረብታ የወረደ ጎርፍና አፈር ማረፊያው እዚያው ነው። ይህን ያነሣሁት ጂኦግራፊ ለማስተማር አይደለም። የሜዳው ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው።

ከተማውና ሐይቁ የተቀመጡት በጥንት እሳተ ገሞራ በሰመጠ ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ውስጥ ነው። አፈሩ ውስጥ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ሞልቷል። እንዲህ ያለ አፈር ጎርፍ ሲመጣበት አይቆምም፤ ተነሥቶ ይሄዳል። ዱላና ኳስ የሚያድለው ልጅ እንደነገረን የድሮውን ሜዳ የበላው ይኸው ነው። ሰው ሠራሹ ሳር በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ ተለጥፎ ነበር። ክረምት ላይ ውኃው ከሥሩ ይገባል፣ ሳሩ ያብጣል። ከዳርና ከዳር አፈሩ ሲሸረሸር ሲሚንቶው መደገፊያ ያጣና ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ይለጥፉታል፣ በየዓመቱ ይነሣል።

አሁን ሥራውን ከውኃው ነው የጀመሩት። ከሜዳው በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ቆፍረዋል። ከሳሩ ሥር ጠጠር ደልድለዋል። በየደረጃው ያለው የድንጋይ ካብ በሥሩ ውኃ መውጫ አለው። ሳሩ አዲስ ነው፤ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ ተነስንሶበታል። አሸዋው ሳሩን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው ኳሷ ሳትንጣጣ ትሄዳለች። አሸዋው አንድ ቦታ ሲከማች ደግሞ ፍጥነቷ ይለያያል። ስለዚህ ልጁ ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ ያስተካክለዋል። ይኼ ሁሉ ጎበዝ ሥራ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ግን ያልነኩትን ነገር ነው። ዳገቱን አልደለደሉትም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አላስቻላቸውም፤ እሱን እመጣበታለሁ።

የጎልፍ ቀዳዳ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሷ 4.3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ይገባል ማለት ነው። ሲሰሙት ምን ይከብዳል? ጋሼም እንደዚያ ነበር ያሉት።

ጋሼ የመንዝ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ገና በመጣ ቁጥር ሜዳ ላይ ነው ያደጉት። ዱላውን እንደ ገና ዱላ ጨበጡና "በይ ሩሯን አስቀምጪልኝ" አሉኝ። አስቀመጥኩላቸው። አቤት አመታት! ኳሷ ሳሩን ሳትነካ ካቡን ዘልላ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ልጁ ሳቁን እያፈነ "አባባ፣ ይገፋል እንጂ እንዲህ አይመታም" አላቸው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ሌላ ኳስ ጠየቁ። የመጀመሪያዋን ኳስ ጦጣ ይዛት ዛፍ ላይ ወጣች። ልጁ ምንም አልመሰለውም። የማትበላ መሆኗን ስታውቅ ራሷ ትጥላታለች አለን፤ ጣለቻትም።

ሕጉ ቀላል ነው። 6 ጊዜ መትታችሁ ካልገባላችሁ 7 ተጽፎባችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። በዓለም አቀፍ ውድድርም እንዲሁ ነው። የኛን ወረቀት ያየ ሰው 7 ቁጥርን መጻፍ የምንለማመድ ነበር የሚመስለው።

ዳገት ላይ መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። ሽቅብ ስትገፉ ኳሷ ጉልበት ስለሚያስፈልጋት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጣጣው ቁልቁልና አግድም ነው። ኳሷ በፍጥነት ስትሄድ ተዳፋቱ ብዙም አያዞራትም። ፍጥነቷ ሲቀንስ ግን ይጎትታታል። ስለዚህ የምትታጠፈው መጨረሻ ላይ፣ ቀዳዳው አፍ አጠገብ ስትደርስ ነው። ገባች ብላችሁ እጃችሁን ስታነሡ ዞር ብላ ትወርዳለች። የት? ወደ ሐይቁ ነዋ። ልጁ ለእንግዳ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። "ቀዳዳውን አትዩ፣ ሐይቁን እዩና ከዚያ በላይ አድርጋችሁ ግፉ።"

የዳገቱን ተንኮል ያየሁት አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ጠባብ መስመር ናት፤ ኮረብታውን አግድም ትቆርጣለች። ቆማችሁ ስታዩአት በግልጽ ሽቅብ ናት። ጋሼ ጠንከር አድርገው ገፉ። ኳሷ ቀዳዳውን አልፋ ዳር ድረስ ተንከባለለች። "ቁልቁል ነው አባባ" አለ ልጁ። ጋሼ ተናደዱ፤ "ዓይን የለኝም?" አሉት። ልጁ የውኃ መያዣውን ኮዳ ከፍቶ ጠብ አደረገ። ውኃው እኛ ሽቅብ ወዳልነው ሄደ! ነገሩ አስማት አይደለም። ዙሪያው ያለው ኮረብታ በጣም ቁልቁል ሲሆን ትንሽ ብቻ የሚያዘቀዝቀው መስመር ለዓይን ሽቅብ ይመስላል። ዓይን የሚያነጻጽረው ከአካባቢው ጋር ነው። አድማሱን በደንብ ካላየ ደግሞ ጭራሽ ይታለላል፤ እዚያ ቦታ ሐይቁን ዛፎች ጋርደውታል።

አሁን ወዳላስቻላቸው ቦታ ልምጣ። ሰባተኛው ላይ ዳገቱን ቆርጠው ሰፊ የሲሚንቶ መደብ ሠርተዋል። ወንበር ደርድረዋል፣ የፎቶ ፍሬም አቁመዋል፣ መሐሉ ላይ ሳር አንጥፈው አንድ ቀዳዳ አስቀምጠዋል። ለጥ ያለ ነው። ሁላችንም በሁለት ምት አገባን፣ ማንም ደስ አላለውም። የአክስቴ ልጅ ለሰርግ ፎቶ የሚመጣው ሰው ገቢ ያስገባል ብሎ ተከራከረኝ። ያስገባ ይሆናል። ለእኔ ግን ከላይ እስከ ታች የደከሙበትን ሥራ እዚያ ጋ ያቋረጡት ነው የመሰለኝ። ሁለት መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ሜዳ ከተማው ውስጥ መች ጠፋ?

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ፣ ደመናው ከበደ፣ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም ዱላ የሚታደልባት ቆርቆሮ ቤት ሥር ተጠለልን። የሐዋሳ ዝናብ ሲመጣ ቀልድ የለውም። ከላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ጎርፉን ወደ ጎን ሲወስደው ይታያል። ከካቦቹ ሥር ውኃው ኩልል ብሎ ይወጣል። ሰባተኛው ላይ ግን ወንበሮቹ እግራቸው ውኃ ውስጥ ነው። "ሁሌም እንዲህ ነው?" አልኩት ልጁን። "ሲዘንብ ነው እንጂ" አለኝ፤ ሳቅን።

ብትሄዱ በጠዋት ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሠራሽ ሳር በፀሐይ ይግላል፤ ሕፃናት ጫማ አውልቀው ሊሮጡበት አይችሉም። ተረከዝ ያለው ጫማም አትልበሱ፤ ደረጃው ይበዛል። ለልጆች አጫጭር ዱላ አለ፣ ጠይቁ።

ዝናቡ እስኪያባራ ውጤት ደመርን። ወረቀቱን የያዙት ጋሼ ናቸው። 7 የተጻፈባቸውን ሁሉ አንድ አንድ እየቀነሱ ነበር የሚደምሩት። ልጁ አየ፣ ምንም አላለም። እኔ ልናገር ስል "ዝም በይ፣ የኔ ኳስ ቁልቁል የሄደችው በዓይኔ ጥፋት ነው" አሉና መደመራቸውን ቀጠሉ።