ኤፒኩረስን ደብረ ብርሃን ላይ ሞከርኩት

ፍልስፍና ልማር ብዬ አልነበረም። ደመወዜ ወር ሳይሞላው እያለቀ ሲያስቸግረኝ ነው ፍላጎቶቼን በሦስት ረድፍ መጻፍ የጀመርኩት። ሐሳቡ የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ የኤፒኩረስ ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ306 ገደማ አቴንስ ውስጥ የአትክልት ቦታ ገዝቶ ከወዳጆቹ ጋር እየኖረ ያስተምር ነበር። ሴቶችንና ባሮችንም ይቀበል ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ስሙ የሚነሳው በተድላ ወዳድነት ነው። እሱ ግን ሜኖይኬዎስ ለሚባል ተከታዩ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለራበው ሰው የገብስ ቂጣና ውሃ ከፍተኛውን ተድላ ይሰጣሉ ይላል። ሳነበው ሳቄ መጣ። በሶና ቆሎ ላሳደገው የሸዋ ሰው ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?

አንደኛው ረድፍ ተፈጥሯዊና የግድ የሆነ ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ተፈጥሯዊ ሆኖ ቢቀርም የማይጎዳ። ሦስተኛው ሁለቱንም ያልሆነ፤ ዝና እዚህ ይገባል። የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ ስለማያውቅ ወፍራም ብርድ ልብስ አንደኛው ላይ ገባ። ጥሬ ሥጋ ሁለተኛው ላይ። አዲስ ስልክ ሲመጣ «ለሥራ ይጠቅመኛል» እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተሟገትኩ። ሦስተኛው ላይ ጻፍኩት። የገረመኝ የአንደኛው ረድፍ ርካሽነት ነው። ሦስተኛው ግን ጣሪያ የለውም፤ ስልኩ ሲገዛ ሽፋኑ፣ ሽፋኑ ሲገዛ ሌላ ነገር ያምራል።

የከበደኝ የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ነው። ኤፒኩረስ ሳትታወቅ ኑር ይላል። እናቴ ደብተሩን አየችና «አንተ ልጅ፣ ስትሞት ማን ሊቀብርህ ነው?» አለችኝ። ምን ይመለሳል! ደግሞ ይኸው ሰው ራሱ ለደስታ ከሚያስፈልጉ ነገሮች ሁሉ ወዳጅነትን ያስበልጣል። ስለዚህ ድግሱን ከፋፈልኩት። ሰው መሰብሰቡ፣ ጠላውና ዳቦው አንደኛ ረድፍ። «እገሌ እኮ በግ አርዶ ነበር» እንዲባልልኝ የምበደረው ብር ሦስተኛ። በጉ ቀረ። ትንሽ ሳልታማ አልቀረሁም፤ ጠላው ግን እስኪመሽ ተጠጣ።

መንዝ ያለው አጎቴ ዘንድ ስሄድ የገብስ ቂጣውን ነገር አጫወትኩት። «ገብሱ ሲደርስ አይደል?» አለኝ። ውርጭ የመታው ማሳ ለሚያውቅ ገበሬ ጥያቄው ይኸው ነው። እዚህ ላይ እኔም ወደ ሌላው የግሪክ ፈላስፋ፣ ወደ አርስቶትል አዘነበልኩ። እሱ መልካም ኑሮ በዋናነት በመልካም ባሕርይ መኖር ነው ቢልም፣ ወዳጅ፣ ልጅ፣ መጠነኛ ሀብትና ዕድልም እንደሚያስፈልጉት አይክድም። ፍላጎትን መቀነስ ለደመወዝተኛ ይሠራል። ልጅ ሲታመም ግን ምን ይቀነሳል?

ደብተሩ ላይ አራተኛ ረድፍ ጨመርኩ፤ «ለክፉ ቀን» የሚል። እቁብና እድር እዚያ ገቡ። ደመወዝ ሲገባም መጀመሪያ የምከፍለው ለዚያ ነው።