ያልተሠሩትን የሱፐርሂሮ ፊልሞች ምን ገደላቸው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሆነ ታይዋን፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ ገብታችሁ «ስፓይደርማን 4 አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የለም ይላችኋል። ሌላው «አለ አቦ!» ብሎ ይጭንላችኋል፤ ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ከሌሎች ፊልሞች ተቆራርጦ የተገጣጠመ የሁለት ደቂቃ ትሬለር ነው። ፖስተሩ ላይ የድሮው ስፓይደርማን ቶቢ ማጓየር ሸብቶ ይታያል፤ ኤአይ ያሸበተው ነው። (የአዲሱ ስፓይደርማን የቶም ሆላንድ አራተኛ ፊልም ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

የማጓየሩ 4ኛ ክፍል ግን ከባዶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ሊሠራ ነበር። ሳም ሬሚ ዳይሬክተር ነበር፤ ቮልቸር የተባለውን ክንፋም ሽማግሌ ሊጫወት የተመረጠው ጆን ማልኮቪች ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ችግሩ ቀኑ ቀድሞ መቆረጡ ነው። ፊልሙ ግንቦት 2011 ሲኒማ እንደሚገባ ተወስኖ ነበር፤ ስክሪፕቱ ግን ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ እየተዛወረ ሬሚን የሚያረካ ሊሆን አልቻለም። «በዚህ ቀን ጥሩ ፊልም ማድረስ አልችልም» አለ፤ ጥር 2010 ላይ ሶኒ ፊልሙን ሰርዞ ታሪኩን በአዲስ ተዋናይ ከዜሮ እንደሚጀምር አሳወቀ።

ለምን ዝም ብሎ አላራዘመውም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ሶኒ የስፓይደርማን ባለቤት አይደለም፤ ከኮሚክ አሳታሚው ከማርቭል በውል የወሰደው የፊልም መብት ነው። በኋላ ሾልኮ በወጣው የ2011 ውል መሠረት፣ አንድ ፊልም ከወጣ በኋላ በ3 ዓመት ከ9 ወር ውስጥ የቀጣዩ ቀረጻ መጀመር፣ በ5 ዓመት ከ9 ወር ውስጥ ደግሞ ፊልሙ ሲኒማ መግባት አለበት። ካልሆነ መብቱ ወደ ማርቭል ይመለሳል። ሊዝ ቦታ ወስዶ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ጊዜው ሊያልቅ ሲል አጥርና አንድ ክፍል ለማቆም እንደሚሯሯጠው ማለት ነው።

ያንን አንድ ክፍል በትክክል የሠራ ሰውም አለ። ጀርመናዊው ፕሮዲዩሰር በርንድ አይሺንገር የፋንታስቲክ ፎርን መብት በ1980ዎቹ ወስዶ ነበር፤ የሚያበቃው ታኅሣሥ 31፣ 1992 ነው። ገንዘብ አልተገኘም። ስለዚህ በርካሽ ፊልም የታወቀውን ሮጀር ኮርማንን ያዘና በ1 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ቀረጻው ታኅሣሥ 28 ቀን ተጀመረ። ሦስት ቀን ሲቀረው! ፊልሙ አለቀ፣ ትሬለርም ተሠራለት፣ ሲኒማ ግን አልገባም። አይሺንገር መብቱን አተረፈ፤ ኩባንያው በ2005 ትልቁን ፋንታስቲክ ፎር ሲሠራ ተሳታፊ ነበር። በዚህ ሁሉ የሚያሳዝኑኝ ተዋናዮቹ ናቸው፤ እነሱ የምር ነበር የተጫወቱት።

የጄምስ ካሜሮን ስፓይደርማን ግን ከዚህም የተወሳሰበ ነው፤ ድሬ ውስጥ አጭር ፊልም እየሠራችሁ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ ልጆች ይህችን ቀስ ብላችሁ አንብቧት። በ1985 ካነን የተባለው ኩባንያ መብቱን በ225 ሺህ ዶላር ወሰደ። የካነኑ ሜናሄም ጎላን ከኩባንያው ሲለቅ መብቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ገንዘብ ለማግኘት ከፋፍሎ ሸጠው፦ የቴሌቪዥኑን ለቫያኮም፣ የቪዲዮ ካሴቱን ለኮሎምቢያ፣ የሲኒማውን ደግሞ በ1990 በ5 ሚሊዮን ዶላር ካሮልኮ ለተባለ የፊልም ኩባንያ። ካሮልኮ ካሜሮንን ቀጠረ። የካሜሮን ውል ከቀደመው ሥራው ከተርሚኔተር 2 የተገለበጠ ስለነበር በፊልሙ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ የመወሰን ሥልጣን ሰጠው። ጎላን ደግሞ በራሱ ውል «ፕሮዲዩሰር» ተብሎ ስሙ እንዲወጣ ተስማምቶ ነበር። ሁለት ውል፣ አንድ ስም፣ በ1993 ክስ። ካሮልኮም በተራው ቫያኮምንና ኮሎምቢያን ከሰሰ። በ1995 ካሮልኮ ከሰረ፣ በ1996 ማርቭል ራሱ ከሰረ። እስከ 1999 ድረስ ማንም ፊልሙን መንካት አልቻለም። ነገሩ የተፈታው የኮሎምቢያ ባለቤት ሶኒና መብቱን ይገባኛል ይል የነበረው ሌላው ስቱዲዮ ኤምጂኤም ሲታረቁ ነው፤ ሶኒ የኤምጂኤም የሆነውን የጄምስ ቦንድ ፊልም የመሥራት ጥያቄውን ትቶ ስፓይደርማንን ይዞ ወጣ።

ካሜሮን አንድም ትዕይንት አልቀረጸም። ግን ድሩ በመሣሪያ ሳይሆን ከጀግናው አንጓ በራሱ የሚወጣበት ሐሳብ የሱ ነው፤ የ2002ቱ የሬሚ ፊልም ይዞታል።

እናንተም ድርሰት ከሰው ስትወስዱ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፤ በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ሲኒማው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዩቲዩቡ ለየብቻ ይጠቀስ። መብቱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ስም አወጣጡ ደግሞ ለሁለት ሰው ቃል እንዳይገባ አንድ ሰው ይያዘው። ጓደኛሞች ሆናችሁ ስትጀምሩ ይሄ ሁሉ ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ፊልሙ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ግን መጀመሪያ የሚፈለገው ያ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ፣ ወደ «ሱፐርማን ላይቭስ»። በ1992 መጨረሻ በኮሚክ መጽሐፍ ላይ ሱፐርማን ሞተ፤ መጽሐፉም በገፍ ተሸጠ። ዋርነር ብራዘርስ ይህን ወደ ፊልም ሊለውጠው ፈለገ። ፕሮዲዩሰሩ ጆን ፒተርስ ነበር፤ ጸሐፊው ኬቨን ስሚዝ በኋላ እንደተረከው ሰውዬው ሦስት ትእዛዝ ሰጠው፦ ሱፐርማን የታወቀውን ልብሱን እንዳይለብስ፣ እንዳይበር፣ መጨረሻው ላይ ከግዙፍ ሸረሪት ጋር እንዲዋጋ። የማይበር ሱፐርማን! ቲም በርተን ዳይሬክተር ሆኖ ሲመጣ የስሚዝ ስክሪፕት ተጣለና ዌስሊ ስትሪክ ሌላ ጻፈ። የሱ በጀት 190 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ዳን ጊልሮይ ተጠርቶ ወደ 100 ሚሊዮን አወረደው።

ኒኮላስ ኬጅ ሱፐርማን ነበር፤ ውሉም ፊልሙ ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈል ነው። ለኬጅ 20 ሚሊዮን፣ ለበርተን 5 ሚሊዮን። እንዲህ ያለ ውል የሚፈረመው ታዋቂ ሰው ሌላ ሥራ ትቶ እንዲጠብቅ ሲፈለግ ነው፤ ለስቱዲዮው ግን ሥራውን የማቆምን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ልብስ ተሰፋ፣ ከውስጥ የሚያበራም አንድ ተሞከረ፤ የኬጅ የልብስ ሙከራ ፎቶ ዛሬም ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ እሱስ እውነተኛ ነው። ከዚያ 1997 መጣ። የዋርነር የባትማን ፊልም በተቺዎች ተብጠለጠለ፣ ሌሎች ፊልሞቹም ከሰሩ፤ ስቱዲዮው ፈራ። ሚያዝያ 1998 ላይ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ከወጣ በኋላ ሥራው ቆመ። በርተንም ወደ ሌላ ፊልም ሄደ።

ሸረሪቷ ግን አልቀረችም። በ1999 ጆን ፒተርስ ፕሮዲዩስ ባደረገው የዊል ስሚዝ የካውቦይ ፊልም ላይ የብረት ሸረሪት ሆና መጣች። በ2023 ደግሞ «ዘ ፍላሽ» በተባለው የሱፐርሂሮ ፊልም ላይ ኬጅ በኮምፒውተር ወጣትነቱ ተመልሶለት ሱፐርማን ሆኖ ከሸረሪት ጋር ሲዋጋ አየነው፤ ኬጅ ራሱ የቀረጽኩት እንዲህ አልነበረም ብሏል።

አድናቂዎች ስለ ሱፐርማን ላይቭስ ብዙ ያለቅሳሉ፤ እኔ የምቆጨው በጆርጅ ሚለር «ጀስቲስ ሊግ ሞርታል» ነው። በ2007 ተዋናዮቹ ተመርጠው ነበር፦ ዲ.ጄ. ኮትሮና ሱፐርማን፣ አርሚ ሃመር ባትማን፣ ሜጋን ጌል ወንደር ዉማን፣ ራፐሩ ኮመን ግሪን ላንተርን። አውስትራሊያ ውስጥ ሊቀረጽ ታሰበ፤ መንግሥት ለአገር ውስጥ ፊልም ከወጪው 40 በመቶ የሚመልስበት አሠራር ነበረና። ሁለት ነገር ተደራረበ። ኅዳር 2007 የሆሊውድ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ አድማው እስኪያበቃ ስክሪፕቱን ማስተካከል አይቻልም፣ የተዋናዮቹ ውል ደግሞ ቀኑን ይቆጥራል፤ ውሉም ጥር ላይ አለቀ። ቀጥሎ የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት ፊልሙ በቂ አውስትራሊያዊነት የለውም ብለው ተመላሹን ከለከሉ። ወደ ካናዳ ለማዛወር ተሞከረ። በ2008 ክረምት የክሪስቶፈር ኖላን ባትማን ገበያውን ሲጠራርገው ግን ዋርነር ባለው ባትማን ላይ ሁለተኛ ባትማን መጨመር አልፈለገም።

«ባትገርል» ለየት ይላል፤ እሱ ተቀርጿል። ግላስጎው ላይ፣ በ90 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። ነሐሴ 2022፣ ዋርነር ከሌላ ኩባንያ ጋር ከተዋሐደ በኋላ፣ አዲሱ አመራር ከሚያወጣው ይልቅ በኪሳራ መዝግቦ ግብር መቀነሱን መረጠ። በኪሳራ የተመዘገበ ፊልም ደግሞ ገቢ ሊያመጣ አይችልም፤ ስለዚህ «ባትገርል ሙሉው» የሚል ፋይል ካያችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የዌስሊ ስናይፕስ ብላክ ፓንተርም በ1990ዎቹ ሳይሳካ ቀርቷል፤ እሱ እንዳለው አንዳንዶቹ የስቱዲዮ ሰዎች ጀግናውን በዚሁ ስም ከሚጠራው የጥቁር አሜሪካውያን የፖለቲካ ድርጅት ጋር አምታተውት ነበር። እሱም በ1998 የቫምፓየር አዳኙን ብሌድን ሠራ።

አዲስ ፊልም «ይመጣል» ሲባል ከፖስተሩ በፊት የምታዩት ቀረጻው ተጀምሯል ወይ የሚለውን ነው። ታወጀ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ቀጥሎ ዳይሬክተሩን ተከታተሉ፤ አንድ ቢለቅ ያጋጥማል፣ ሁለተኛው ከለቀቀ ስክሪፕቱ አልተዋደደም ማለት ነው። የቻኒንግ ቴተም «ጋምቢት» ሦስት ዳይሬክተር ቀያይሮ በ2019 ፎክስ በዲዝኒ ሲገዛ ተሰረዘ። ሦስተኛው ምልክት ቀን ነው፦ ከተራዘመ ገና ይጠበቃል፣ ያለ ምትክ ቀን ከተነሣ ግን ተስፋው ቀጭን ነው።

አዲሱን «ብሌድ» በዚህ መዝኑት። በ2019 ማኸርሻላ አሊ ብሌድ እንደሚሆን ታወጀ። ባሳም ታሪቅ ለቀቀ፣ ያን ዴማንዥም ለቀቀ። ቀኑ ከ2023 ወደ 2024፣ ከዚያ ወደ 2025 ተገፋ፤ በጥቅምት 2024 ከነጭራሹ ተነሣ። ቀረጻ ሳይጀመር የልብስ ባለሙያዋ ሩት ካርተር ለ1920ዎቹ ታሪክ የሚሆን ልብስ አዘጋጅታ ነበር። እሷው የሠራችበት የራያን ኩግለር የቫምፓየር ፊልም በ1930ዎቹ ሚሲሲፒ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ልብሱ በመግዣ ዋጋው ተሸጠለት፤ በ2025 ሲኒማ ሲገባ ከጀርባ የሚያልፉ ሰዎች የለበሱት ከዚያ ነው።