ዮሴፍ የገዛው ጨርቅ

ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። አቡጀዴ፣ ነጠላ፣ ጋቢ። ለመግነዝ ሊገዛ የመጣ ሰው ገና ከበር ያስታውቃል። ዋጋ አይከራከርም። ለዚህ ነው ማርቆስ 15፥46 ላይ ስደርስ «በፍታም ገዝቶ» የሚለው ሁሌ የሚያስቆመኝ። ስለ ጌታ መግነዝ አራቱም ወንጌላውያን ጽፈዋል። ጌታን የቀበረው የአርማትያሱ ዮሴፍ ጨርቁን መግዛቱን የነገረን ግን ማርቆስ ብቻ ነው። አርብ አመሻሽ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል። ያን ሰዓት ለክቶ የሸጠለት ነጋዴ ነበር ማለት ነው። የማንን መግነዝ እንደሸጠ ያውቅ ይሆን?

ታናሽ ወንድሜ ወንጌል የተጻፈበትን ግሪክኛ ተምሯል። «እትዬ፣ የጨርቁ ስም ሲንዶን ነው» አለኝ። ከተልባ አገዳ በሚወጣ ክር የተሸመነ ጥሩ ጨርቅ ነው። እጅጌ የለው፣ ስፌት የለው፤ ይጠቀለሉበታል። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ግብፆች ሬሳ ስለሚጠቀልሉበት ጨርቅ ሲጽፍ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ሶምሶን የተወራረደው በሠላሳ ሲንዶን ነው። ምሳሌ 31 ላይ ያቺ ልባም ሴት ሠርታ የምትሸጠውም ሲንዶን ነው። የሙያ እህቴ ናትና እወዳታለሁ።

እኛም ሰሜን ሸዋ ተልባ እንዘራለን፤ ግን ለፍሬው ነው። ቆልተን ወቅጠን በጾም እንበጠብጠዋለን። ከአገዳው ክር ማውጣት እኛ ዘንድ አልተለመደም። ዮሐንስ ወንጌል ላይ «የተልባ እግር ልብስ» ሲባል ብዙ ሰው ግር የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። እዚያ ላይ ግሪኩ ሲንዶን አይልም፤ ኦቶኒያ ነው የሚለው። በጌታ ራስ ላይ የነበረው ጨርቅ ደግሞ ሱዳሪዮን ነው፣ የላብ መጥረጊያ።

ወደ ማርቆስ ልመለስ፤ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። ጌታ በተያዘበት ሌሊት «ዕርቃኑን በነጠላ ሸፍኖ» የሚከተለው አንድ ጎበዝ ነበር። ሲይዙት ነጠላውን ትቶላቸው ራቁቱን ሸሸ። ይህ ነጠላ በግሪኩ ያው ሲንዶን ነው! ማርቆስ ቃሉን የሚጠቀመው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፤ እዚህ ሁለቴ፣ ቀብሩ ላይ ሁለቴ። አንዱ ነፍሱን ለማትረፍ ሲንዶኑን ጥሎ ሮጠ። ያልሸሸው ጌታ በማግስቱ ማታ በሲንዶን ተጠቀለለ። በግሪኩ የሚሰማ ሰው ይህ አያመልጠውም። በአማርኛው ግን አንዱ ጋ ነጠላ፣ አንዱ ጋ በፍታ ነው፤ ዝምድናቸው ይጠፋል።

ተርጓሚዎቹን አልወቅስም። በፍታ ክብር ያለው ቃል ነው፤ ለጌታ ክብር ይገባዋል። ግን ነጠላም እኛ ዘንድ ቀላል ጨርቅ አይደለም። ለበዓል እንለብሰዋለን፣ ቤተ ክርስቲያን እንሳለምበታለን፣ ለቅሶ ስንሄድ አዘቅዝቀን እናጣፋዋለን። እኔ ብሆን ሁለቱም ቦታ ላይ ነጠላ እል ነበር። «ነጠላ ገዝቶ ከፈነው» ቢባል ከመንዝ እስከ አንኮበር የማይገባው ሰው የለም።