የእረኝነቴ ምስጋና

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ዛሬ የሰፈሩ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየበሩ ሲዞሩ ዋሉ። እኛ አገር ቡሄ የእረኛ በዓል ነው። በደብረ ታቦር ተራራ የክርስቶስ ብርሃን ሲታይ እረኞቹ የመሸ ስላልመሰላቸው እዚያው ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው ይባላል። ሙልሙሉ ለዚያ መታሰቢያ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከብት ኋላ ለዋለ ልጅ፣ ለእሱ ተብሎ የተጋገረ ዳቦ ምን ያህል እንደሚያኮራ አውቃለሁ።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ግርጌ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከሣር የሚታታው ገሳ ዝናቡን እንጂ ብርዱን አይመልስም። ደግሞ ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ስለሆነ ጦሙን የሚያድር ቤት ነበር። ለዚያ አላመሰግንም። ማንም ልጅ እንዲያ ባያድግ እመኛለሁ።

የማመሰግነው ገና ልጅ ሳለሁ ሥራዬ ለቤቱ ያስፈልግ ስለነበር ነው። ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ጥጃ ይሰጠዋል። ጥጃው አምልጦ እናቱን ከጠባ ማታ የሚታለብ የለም፤ ስለዚህ የቤቱ ወተት ያለው በዚያ ልጅ እጅ ነው። ከጥጃ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ላምና በሬ እያለ ያድጋል። ስለ ኃላፊነት ቁጭ አድርጎ የመከረኝ ሰው አላስታውስም። በሬያችን ዳልቻ የሰው ገብስ ውስጥ ከገባ አባቴ ካሣ እንደሚከፍል ማወቄ ይበቃኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ዳልቻ ብቻውን የቀረበትን ዓመት ነው። ሁለተኛው በሬያችን ሞተ። በአንድ በሬ አይታረስ፣ መግዣ የለ። ጎረቤታችን ጋሼም አንድ በሬ ነበራቸውና ከአባቴ ጋር መቀናጆ ገቡ፤ አንድ ቀን የእኛ፣ አንድ ቀን የእሳቸው መሬት ይታረሳል። በሬዎቹ እስኪለማመዱ ቀንበር ሥር እየተጋፉ አስቸገሩ። እኛ ልጆቹ ግን ቶሎ ተላመድን። ሁለቱንም በሬዎች አብረን ስለምንጠብቅ፣ እኔ እነሱ ቤት እበላለሁ፣ የእሳቸው ልጅ እኛ ቤት ያድራል። የጋሼ ባለቤት እትዬ እንጀራ ሲያቀርቡ እኔን ከልጆቻቸው ለይተው አያውቁም።

ዕርፍ የጨበጥሁትም በዚያው ዓመት፣ በጋሼ መሬት ላይ ነው። ትልሙ ገና ከጅምሩ ተጣመመብኝ። አባቴ የሰው መሬት ተበላሸ ብሎ ሊቀበለኝ ሲመጣ ጋሼ ከዳር ሆነው፣ «ተወው እንጂ፣ ይረስ! መሬቱ የትም አይሄድ፣ እኔ እደግመዋለሁ» አሉት። የራሳቸው ዘር የሚወድቅበት መሬት ነበር። እስከ ማሳው ጫፍ አረስሁ።

ጋሼ ዛሬም አሉ። ጾሙ ሲፈታ ደውዬ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ እስከዛሬ አመስግኛቸው አላውቅም።