ፑቻልካ፦ ፕራግ ላይ ያጎነቆልኩት አተር

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባው የካቲት 17፣ ሰኞ ነበር። ቼኮች ጾማቸውን የጀመሩት ደግሞ የካቲት 26፣ ረቡዕ። ቀኑን የአመድ ረቡዕ ይሉታል። ፋሲካው ግን በዚያ ዓመት ለሁላችንም ሚያዝያ 12 ዋለ። እኔም ፕራግ ሆኜ ጾሙን ከጎረቤቶቼ ጋር የምጾም ያህል ተሰማኝ።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ደረጃ ላይ ተገናኝተን «በጾም ምን ትበያለሽ?» አሉኝ። ምስር፣ ሽሮ፣ አተር አልኳቸው። አተር ስል ፊታቸው በራ። «አያቴ በጾም ፑቻልካ ትሠራልን ነበር» አሉኝ። አተሩ ይዘፈዘፋል፣ ጭራ እስኪያወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይቆላል። በቃ ይኸው ነው።

ስሙ የመጣው «ፑቼት» ከሚለው ግሥ ነው። ማጎንቆል ማለት ነው። እኛስ ጉንቁልን ጉንቁል ያልነው ስላጎነቆለ አይደል? ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ለአንድ ምግብ ስም ያወጡበት መንገድ አንድ ሆኖ ሳገኘው ሆዴ ተላወሰ። ሳልሠራው ማደር አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ሙከራ ገና ሱቅ ውስጥ ነው የከሸፈው። ቢጫ አተር ብዬ ያነሳሁት ክክ ኖሯል። ሁለት ቀን ጠበቅኩት፤ አበጠ እንጂ አልበቀለም። ክክ ደግሞ ከየት ያመጣዋል? ሲከካ ቡቃያው የሚወጣበት ቦታ ይጎዳል። ስለዚህ ድፍን አተር ነው የሚፈለገው። የአትክልት ዕቃ መሸጫ ያለው የሚዘራ አተርም አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒት የተነካ ስለሆነ ለምግብ አይደለም። እኔ ድፍኑን ያገኘሁት በቭልታቫ ወንዝ ዳር፣ ናፕላቭካ ላይ ከሚቆመው የቅዳሜ ገበያ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የበለጠ አሳዘነኝ። ሩብ ኪሎ ዘፈዘፍኩ። ቶሎ እንዲበቅል ብዬ ውሃው ውስጥ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን ተዝለገለገ፣ ሸተተ። ሙሉውን ደፋሁት። በጾም እህል መድፋት ከባድ ነው።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ብቅል እኮ ውሃ ውስጥ አይበቅልም» አለችኝ። «አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ አጠንፍፊው። ትንፋሽ ይፈልጋል፤ እርጥበትም ይፈልጋል። እኛ በኮባ እንሸፍነው የለ?» ፕራግ ላይ ኮባ የለም። ንጹሕ የጥጥ ፎጣ አረጥቤ ወንፊት ላይ አነጠፍኩ፣ አተሩን በስሱ በተንኩ፣ በሌላ እርጥብ ፎጣ ሸፈንኩ። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ እያለቀለቅኩ መልሼ አጠነፈፍኩት። መጀመሪያ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት፤ ብርዱ አዘገየው። ማሞቂያው ላይ ሳወጣው ፎጣው ደረቀ። የተስማማው ከማሞቂያው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፎጣውን ስገልጥ ሁሉም ነጭ ጭራ አውጥቷል! ጭራው የአተሩን ግማሽ ሲያክል ማቆም ጥሩ ነው። ሆን ብዬ ያቆየኋቸው ጥቂት ፍሬዎች ሣር ሣር አሉኝ።

መቁላቱ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ካልዘነጉ። አተሩ በደንብ መድረቅ አለበት። እርጥቡን ስጨምረው ዘይቱ ተፈናጠረ፣ አተሩም ከመቆላት ይልቅ ተቀቀለ። ቀሪውን በፎጣ አሽቼ ግማሽ ሰዓት አሰጣሁት። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማማሰል። ያየኋቸው የቼክ አሠራሮች ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ ይላሉ፤ ለእኛ ጾም ዘይት ነው። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ከእሳት ሲወርድ ይነሰነስበታል። ከላይ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ጣዕሙ የቆሎና የንፍሮ መካከለኛ ነው፤ ብቅሉ ትንሽ ጣፋጭነት ሰጥቶታል።

የእነሱም የጾም እሑዶች እንደ እኛዎቹ ስም እንዳላቸው የተረዳሁት ያኔ ነው። ሁለተኛው እሑድ «ፕራዥና» ይባላል፤ ስሙ ከሚቆላ እህል ጋር የተያያዘ ነው። የመጨረሻው «ክቪየትና»፣ የአበባ እሑድ፣ የእኛ ሆሣዕና ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ እያልኩ ላደግኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ደስታ ነበር።

ግማሹን በሳህን ይዤ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። እናትየው አንድ ፍሬ ቀመሱ፣ ዝም አሉ፣ ተነሥተው ማር አመጡ። «ጨው የሌለበት አለሽ?» አሉኝ። አያታቸው በማር ነበር የምትሰጣቸው። ወርጄ ጨው ያልነካውን አመጣሁላቸው። ማሩን አፍስሰውበት በማንኪያ እየዛቁ በሉ። እኔ የእኔን በሚጥሚጣ በላሁ።

ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንደምናበስል ስነግራቸው መቅመስ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ባቄላውን ረቡዕ ማታ ዘፈዘፍኩት፤ በአንድ ሳይሆን በሁለት ሰው ልክ።