«ተስተካከለ»

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘን ከአንድ አዲስ ልጅ ጋር ኮድ እያየን ነበር። «አቦ፣ ይቺ 6 ለምንድናት የምትቀነሰው? ላጥፋት?» አለኝ።

እኔ እንጃ። ጊት ብሌም በላት አልኩት፤ ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ ይቺ ትእዛዙ ደግሞ መስመሯን መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ታወጣለች። አወጣ። እኔ ነኝ! የኮሚት መልእክቱ፣ ማለትም ለውጡ ሲመዘገብ አብሮ የሚጻፈው ማብራሪያ፣ አንድ ቃል ነው፦ «ተስተካከለ»። ምኑ? እግዜር ይወቅ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልሳቀም። እኔን ግን አላበኝ፤ በድሬ ሙቀት አሳበብኩ።

ቆይቶ ትዝ አለኝ። የአውቶቡስ ትኬት ሲስተም ነው። ዳታቤዙ ላይ መነሻው በፈረንጅ ሰዓት 7:00 ነው፣ ትኬቱ ላይ ግን «ጠዋት 1 ሰዓት» መውጣት አለበት። 6ቷን ብናጠፋ ተሳፋሪው «7 ሰዓት» አንብቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሻንጣውን ጎትቶ መናኸሪያ ይደርሳል። አውቶቡሱ ጭሮን ካለፈ ቆይቷል።

ኮዱማ 6 እንደሚቀነስ ይናገራል። ለምን እንደሚቀነስ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ረስቼዋለሁ።

ኮሚቱን ሁሉም ስለወሰደው የድሮውን መልእክት መቀየር አይመችም። ከመስመሩ በላይ ማስታወሻ ጨመርንና ልጁ አዲስ ኮሚት ጻፈ። አርእስቱ ከ50 ፊደል በታች፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፣ ከስሩ ምክንያቱ። የተሳፋሪውን ሻንጣ ሳይቀር አስገብቶታል። አላስወጣሁትም።